ውድ ቅባት፣ አንድ ፋሻ

በየዓመቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለስልጠና ጂንካ ሲሰበሰቡ ስለ ቃጠሎ የማስተምረው እኔ ነኝ። በየዓመቱም አንዷ እጇን ታወጣና ያንኑ ትጠይቀኛለች፦ «ሲስተር፣ ለቃጠሎ ማር ይሻላል ወይስ ክሬም?» ከገዘር የመጣች ከሆነች ማሩ ደጃፏ ስላለ ነው። ከዱስ ወይም ከካኮ በኩል ከሆነች ደግሞ ክሬሙ እሷ ዘንድ ደርሶ ስለማያውቅ ነው። ጥያቄው ምንም አይወጣለትም። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር እበሽቃለሁ። መልሱን ስለማላውቅ አይደለም። እኛ ቤት ይኸው ክርክር የአንዲትን ልጅ ቀኝ እጅ ስለበላ ነው።

ልጅቷ ታናሽ እህቴ ናት።

እናቴ ገበያው አጠገብ ጠጅ ቤት ነበራት። አያቶቻችን ከሰሜን መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ እናቴም እንደነሱ ራሷን ከአገሬው ሰው አንድ እርከን ከፍ አድርጋ የምታይ ሴት ነበረች፤ የምትበላው ግን ከአገሬው ማር ነበር። በየሳምንቱ ከገዘር አሪዎች ማር በባልዲ ያመጡላታል፤ ተከራክራ ትገዛለች፣ ጠጅ ትጥላለች፣ ትሸጣለች። አባታችን ገና ልጆች ሳለን ስለሞተ እኔን ያስተማረችኝ በዚሁ ነው። ነርስነት ተመርቄ፣ ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ተመድቤ ወደ ጂንካ ስመለስ በስሜ መጥራት አቆመች። «ሲስተር!» ትለኛለች፣ ጠጪው ሁሉ እንዲሰማ። «ሲስተር፣ እስቲ ለእኚህ ሰውዬ ብርሌ አቀብያቸው።» እኔም ነጭ ጋውኔን ሳላወልቅ ብርሌ አቀብላለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

እህቴ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። የእሷ ጸጋ እጇ ላይ ነበር። ጽሑፏ በመስመር የተለቀመ ይመስላል፤ ማመልከቻ ማጻፍ የፈለገ የሰፈር ሰው ሁሉ እሷን ይፈልጋል። የሚጽፍላቸው ያጡ አሪዎችና በናዎች ከጠጅ ቤቱ በር ላይ ቆመው ጉዳያቸውን ይነግሯታል፤ እሷ አማርኛቸውን ሳትስቅበት አቃንታ ትጽፋለች። መምህራን ማሰልጠኛ ለመግባት ፈተናውን አልፋለች፤ የቀራት ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው፤ እሱም ሰሌዳ ላይ ያስጽፋል። እናቴ «አንዷ መርፌ፣ አንዷ ጠመኔ» እያለች ትፎክር ነበር። ሁለት ልጆቿን የመንግሥት ደመወዝተኛ አድርጋ ጠጅ ቤቱን ልትዘጋ ነበር ሐሳቧ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እህቴ ላምባ ምድጃው ሳይጠፋ ላምባ ልትጨምርበት ሞከረች። ሁላችንም እንዲያ እናደርግ ነበር፤ አጥፍቶ፣ አቀዝቅዞ፣ እንደገና መለኮስን እንደ ቅንጦት ነበር የምናየው። እሳቱ ተስፈንጥሮ ቀኝ እጇን ከነላምባው ያዘው። እናቴ በጆንያ አፍና አጠፋችው። ከዚያ የተደረገውን ቆይተው ነው የነገሩኝ። ከምድጃው ሁለት እርምጃ ላይ በርሜል ሙሉ ውሃ ነበር። ልጅቷ እየጮኸች እጇን ልትነክረው ስትሮጥ እናቴና ሁለት ጎረቤቶች ይዘው መለሷት። «ውሃ እንዳይነካት! ይቋጥራል!» አሉ። ውሃ የነካው ቃጠሎ ውሃ ይቋጥራል የሚለውን ከእናቶቻቸው ነው የሰሙት፤ እናቶቻቸውም ከእናቶቻቸው። ከሁሉም የረከሰውና ከሁሉም የሚበልጠው መድኃኒት እዚያው በርሜል ውስጥ ሞልቶ ሳለ ልጅቷን እጅ እግሯን ይዘው አስቀሯት።

ከሥራ ተጠርቼ ስደርስ እጇ ላይ የሌለ ነገር አልነበረም። አንዷ ጎረቤት የጥርስ ሳሙና ቀብታታለች፤ ያቀዘቅዛል ብላ። ሌላዋ እንቁላል መትታ ደፍታበታለች። ከሁሉም በላይ እናቴ ከጓዳ ያወጣችውን ማር አፍስሳበታለች። እህቴ ጥርሷን ነክሳ ግድግዳውን ታያለች። እኔ ምን አደረግሁ? ጮህኩ። «ዳቦ ነው የምትጋግሩት? እንቁላል፣ ማር፣ ወተት ነው የቀራችሁ!» አልኳቸው። ጎረቤቶቹ አፍረው ወጡ። እናቴ አላፈረችም።

«ማር ቁስል ያደርቃል። የገዘር ሰዎች በዚሁ ነው የሚድኑት» አለች።

«እማዬ፣ እኔ ሦስት ዓመት የተማርኩት የገዘር ሰዎች በምን እንደሚድኑ አይደለም።»

ክርክሩ እንዲህ ተጀመረ፤ አምስት ሳምንትም ቆየ።

እኔ የፈለግሁት ትምህርት ቤት ያየሁትን ነጩን ክሬም ነበር። የብር ማዕድን ያለበት፣ ለቃጠሎ ተብሎ የተሠራ። የምሠራበት ጤና ተቋም አልነበረውም፤ ያለው ጂቪ የሚባለው የቁስል ቀለም ብቻ ነው፤ ልጅን ወይን ጠጅ ቀለም ከማድረግ በቀር ለእንዲህ ያለ ቃጠሎ የሚፈይደው የለም። ከተማው ውስጥ ያለው መድኃኒት ቤትም «አልቋል» አለኝ፤ መቼ እንደነበረው እግዜር ይወቅ። የአርባ ምንጭ አውቶቡስ ሾፌር እናቴ ዘንድ ጠጅ የሚጠጣ ነበርና በእሱ አስመጣሁ። አንዷ ትንሽ ቱቦ የወር ደመወዜን ሩብ ወሰደች። እናቴ ቱቦዋን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መብራት አዞረቻት።

«ይቺ ናት?» አለች። «በዚህ ዋጋ አንድ ባልዲ ማር እገዛ ነበር። ከነባልዲው።»

እንግዲህ ውድ ነገር ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። ይቆጥባል። ቁስሉ በየቀኑ ታጥቦ ክሬሙ ወፈር ተደርጎ መቀባት ነበረበት፤ እኔ በሦስት ቀን አንዴ አደረግሁት፤ ያውም በስሱ። የቁስል ጨርቁ፣ ጎዙም፣ እንደ ልብ አልነበረም፤ ተቋሙ በስፍር ነው የሚሰጠን፤ ለእህቴ ብዬ ከሌላው ቁስለኛ መቀነስ ደግሞ አሳፈረኝ። እያንዳንዱን ጣት ለብቻው መቀባትና ለብቻው መጠቅለል አምስት እጥፍ ክሬም፣ አምስት እጥፍ ጎዝ ይበላል። ስለዚህ ጣቶቿን ሰብስቤ፣ ጡጫ እንደያዘች፣ በአንድ ፋሻ ጠቀለልኳቸው። ንጹሕ፣ ነጭ፣ ክብ ሆኖ አማረ። እናቴ እንኳ «መቼም እጅሽ ባለሙያ ነው» አለች።

በሁለተኛው ሳምንት እናቴ ሳትነግረኝ አስር አለቃውን ጠራችው።

አስር አለቃው የደርግ ጦር ድሬሰር፣ ቁስል አሳሪ፣ ነበር። ጦሩ ሲበተን የት የት ዞሮ እንደሆነ አላውቅም፣ ጂንካ ደርሶ እዚያው ቀረ። ሥራ የሚሰጠው አልነበረም፤ ድሬሰርነቱን የሚመሰክር ወረቀት እንኳ ጦር ሜዳ ቀርቷል። ገበያው ዳር ጫማ ይሰፋል። ጫማ ሊያሰፉ የሚመጡ የገጠር ሰዎች ቁስላቸውን ያሳዩታል፤ እሱም በተቀቀለ ጨርቅና በማር ያክማቸዋል፤ ሲከፍሉት ይቀበላል፣ ሳይከፍሉት ዝም ይላል። እኛ ባለ ዲፕሎማዎቹ ሻይ ስንጠጣ የምንስቅበት ሰው ነበር። «ሶል ገልብጦ ቁስል ላይ ይሰፋል» ብላ አንዷ ጓደኛዬ ያወጣችውን ቀልድ ከሁሉም ይልቅ የደጋገምኩት እኔ ነኝ።

ቤት ስገባ ቆቡን በእጁ ይዞ ከእህቴ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ፋሻውን አልነካም። ተነሣልኝ። በዕድሜ አባቴ ሊሆን የሚችል ሰው ተነሣልኝና «ሲስተር» አለኝ።

«እናቴ ናት መቼም ያስቸገረችዎት» አልኩት። «ማር ይሻላል ሊሉኝ ነው?»

«የለም። ማርም ይሁን ክሬሙ፣ ሁለቱም ያድናል። በእሱ አይጨነቁ። ግን ጣቶቹን ይለያዩዋቸው። በየጣቱ መሐል ጨርቅ ይግባ። እጇም ተዘርግቶ ይታሰር፤ ቢያማትም በየቀኑ ታንቀሳቅሰው። ጡጫ ሆኖ ከዳነ ጡጫ ሆኖ ይቀራል። እኛ አሥመራ ሆስፒታል ሳለን ታንክ ውስጥ የተቃጠሉ...»

አላስጨረስኩትም። ጆሮዬ የሰማው «ማርም ይሁን ክሬሙ ሁለቱም ያድናል» የሚለውን ብቻ ነበር። ደመወዜን ሩብ ከፍዬ ያስመጣሁትን መድኃኒት ይህ ጫማ ሰፊ ከጓዳ ማር እኩል አደረገብኝ፤ ያውም በእናቴ ፊት። የቀረውን ንግግሩን በሙሉ የእናቴ ወገን አድርጌ ቆጠርኩት።

«አስር አለቃ፣ ይህ የጦር ሜዳ ሕክምና አይደለም። አመሰግናለሁ፤ ይሂዱ» አልኩት።

ቆቡን አደረገና ወጣ። እናቴ ጠጅ ልትቀዳለት ብትነሣ «ሌላ ጊዜ» አላት። ከሄደ በኋላ እኔና እናቴ ስለ ማርና ስለ ክሬም ተጣላን። ስለ ጣቶቹ ሁለታችንም ቃል አልተነፈስንም። እናቴ የማሯን ነገር ነው የያዘችው፤ እኔ የክሬሜን። የልጅቷ እጅ በመሐላችን ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል።

ፋሻውን በፈታሁ ቁጥር በጣቶቿ መሐል ቀላ ያለ አዲስ ሥጋ ይታየኝ ነበር። እየያዘ ነው ብዬ ደስ አለኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ደስ አለኝ! መግል የለውም፣ አይሸትም፣ ትኩሳት የላትም። እናቴን ጠርቼ «ይኸው ክሬሙ» አልኳት። በአምስተኛው ሳምንት ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ደረቀ። ቆዳው አምሮ ነበር። አራቱ ጣቶቿ ግን እርስ በርስ ተጣብቀው፣ ወደ መዳፏ ታጥፈው፣ አንድ ጓል ሆነዋል። «ዘርጊው» አልኳት። ግንባሯን ላብ እስኪያጠምቃት ታገለች። አልተዘረጋም።

ለቃለ መጠይቁ ሄደች፤ አትሂጂ የሚላት አልተገኘም። ጠመኔውን በአውራ ጣቷና በዚያ ጓል መሐል ሰክታ አንድ መስመር ጻፈች አሉ። ሁለተኛው ላይ ወደቀባት። ከጠያቂዎቹ አንዱ አንሥቶ ሊያቀብላት ጎንበስ ሲል እሷ በሩን ከፍታ ወጥታ ነበር። ቤት ስትመለስ «አልሆነም» ብቻ ብላ የተደረደሩትን ብርሌዎች ማጠብ ጀመረች፤ በግራ እጇ።

ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ለመድረስ ከዓመት በላይ ፈጀብን። እናቴ የቤቱን ጓሮ ሸጠች። ቀዶ ሐኪሙ ትሑት ሰው ነበር፤ እጇን አገላብጦ አየና «ቃጠሎው እኮ እንዲህ የሚያደርስ አልነበረም» አለ። «ጣቶቹ ተለያይተው ቢታሰሩ ኖሮ ዛሬ እዚህ አትመጡም ነበር። ማነው ያሰረው?»

እናቴ ወለሉን አየች። እህቴ እኔን አየችኝ። ሐኪሙ ነርስ መሆኔን ቀደም ብዬ ነግሬዋለሁ፤ እንደ ሙያ ባልደረባ ነበር የሚያዋራኝ።

«አንድ የድሮ ወታደር አለ» አልኩ። «ጫማ ሰፊ ነው። እሱ ነው ያሰረው።»

«እነዚህ ሰዎች» አለ ሐኪሙ፣ ራሱን ነቀነቀና።

ጣቶቹን ለያያቸው፣ ከጭኗ ቆዳ ወስዶ ለጠፈ። አውራ ጣትና ሌባ ጣቷ መቆንጠጥ ቻሉ፤ የቀሩት እስከ ዛሬ አይታዘዟትም። ብርሌ ትይዛለች፣ ገንዘብ ትቀበላለች። እስክሪብቶ ይዛ አላየሁም። እናቴ ስትሞት ጠጅ ቤቱን የወረሰችው እሷ ናት፤ ሊዘጋ የነበረውን ጠጅ ቤት። አስር አለቃው ከእናቴ በፊት ነው ያረፈው። ቀብሩ ላይ ነበርኩ፤ ሰው ሲያየኝ «ሲስተር ደግ ናት፣ ለደሃ ቀብር ትመጣለች» ይል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቁስል ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ዕድሜዬን ጨረስኩ። ማርና ክሬሙን ለማወዳደር ከእኔ የተሻለ ማንም የለም፤ እልህ ይዞኝ ነበርና ሁለቱንም ዓይኔን ሳልነቅል ነው ያየሁት። ክሬሙ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ሲያልቅ ለቁስለኛው ወረቀት ጽፈን ውጭ ግዛ እንለዋለን። ከዱስ በኩል ልጁን ተሸክሞ የመጣ አባት ፍየሉን ሸጦ አንድ ቱቦ ገዝቶ ሲመለስ አይቻለሁ፤ ለሁለት ቀን እንኳ አልበቃውም። ክሬሙ ቁስሉ ላይ እንደ ቅርፊት ይጋገራል፤ እሱን ለማንሣት በየቀኑ መፈተግ ነው፤ ልጆቹ በሩን ሲያዩ ገና ይጮኻሉ። ማር በውሃ ይለቃል። ላይ ላዩን ለተቃጠለ ሰው ማሩ እንደ ክሬሙ ያድናል፤ አንዳንዴም ቀድሞ። ቆዳውን ዘልቆ ለገባው ደግሞ ማሩም ክሬሙም አይበቃውም፤ የሚበቃው ቀዶ ሐኪም ነው፤ እሱ ደግሞ ጂንካ አልነበረም። የጥርስ ሳሙናና እንቁላል ለማንም አይጠቅሙም። ውሃ፣ ወዲያው ከተደረገ፣ ሁሉንም ያስንቃል። ይህን ስናገር ሰልጣኞቹ ይስቃሉ፤ «ሲስተር፣ የትኛውን ውሃ? የምንጠጣውን?» ይሉኛል። ውሃ በጀሪካን ከሩቅ በሴት ጀርባ በሚመጣበት ቀበሌ ላለች ልጅ ምን እመልስላታለሁ? የምትጠጡትን፣ እላቸዋለሁ። ከዚያ ፋሻ አወጣና ጣት በጣት መጠቅለልን አሳያቸዋለሁ። አንዷ እስክትችል ሌላዋን አላስነሣም፤ ክፉ አስተማሪ ይሉኛል፤ ይበሉኝ።

ባለፈው ዓመት፣ ከእንዲህ ያለ ስልጠና ወጥቼ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። እህቴ አላገባችም፤ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ለምን በዚያን ቀን እንደሆነ አላውቅም፣ ልናዘዝ ፈለግሁ። አዲስ አበባ ለሐኪሙ የዋሸሁትን ከዚያ ወዲህ አንሥተነው አናውቅም ነበር።

«አስር አለቃው ጣቶችሽን እንድለያያቸው ነግሮኝ ነበር» አልኳት። «እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ከዚያም እሱ ነው ያሰረው አልኩ።»

«አውቃለሁ» አለች። «አጠገባችሁ አልነበርኩም እንዴ?»

«ይቅር በይኝ።»

ብርሌውን ታደርቅ ነበር። አስቀመጠችው።

«እቴቴ፣ ያልነገርኩሽ አለ» አለች። «በማግስቱ ተመልሶ መጥቶ ነበር። አንቺ ሥራ፣ እማዬ ገበያ ነበራችሁ። ነጠላ ቀዶ፣ ቀቅሎ፣ አድርቆ፣ በቀጭን በቀጭን አዘጋጅቶ በወረቀት ጠቅልሎ ነው የመጣው። ‹ሲስተር ሳትመጣ በየጣቱ መሐል ላግባልሽ፤ ክሬሟን አልነካባትም፤ ደግሞም መልሼ አስረዋለሁ፤ አታውቅም› አለኝ። እጄን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።»

«ታዲያስ?»

«እጄን ከኋላዬ ደበቅሁበት። እኮራብሽ ነበር። ‹እህቴ እኮ ነርስ ነች፤ የተማረ ይግደለኝ› አልኩት። እየሳቅኩ ነው ያልኩት።»

ብርሌውን መልሳ አነሣችው።

«አልተቆጣም» አለች። «ጨርቁን መልሶ ጠቀለለና ‹እሺ የኔ ልጅ› ብሎኝ ሄደ።»